የእንጥል ቆራጯ ልጅ

ፎርሙ አሥራ አራት ጥያቄ ነበረው። ፋንታዬ አሥራ ሦስቱን በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ መስመር ሳትለቅ፣ ጥንቅቅ አድርጋ ሞልታለች። ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የገበሬ ማኅበር፤ እነዚህ ምን ችግር አለባቸው? አሥራ አራተኛው ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ባዶውን ተቀምጧል። «ከዚህ በፊት በጤና ነክ ሥራ ተሳትፈው ያውቃሉን? ካወቁ ይግለጹ» ይላል። አላውቅም ብትል ውሸት ነው። አውቃለሁ ብትል ደግሞ ጎንደር ያደርሰኛል ያለችው መንገድ እዚያው ደባርቅ ላይ ያበቃል።

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አራት፣ ወሩ ጥቅምት ነው። ጎንደር የጤና ረዳቶች ሥልጠና ሊከፈት ስለሆነ ከስሜን ግርጌ ካሉ ገበሬ ማኅበራት የተማረ ሰው ይመረጥ የሚል ትእዛዝ ወረደ። ከደባርቅ በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬደው የቀጨሞ በር ገበሬ ማኅበርም ተሰበሰበ። ሌላ ጊዜ ስለ አንዲት የግጦሽ ድንበር ከጠዋት እስከ ማታ የሚጨቃጨቅ ሕዝብ በዚህ ጊዜ አልተጨቃጨቀም። እስከ አሥረኛ ክፍል ደባርቅ የተማረችው የበለጠች ልጅ ፋንታዬ ትሂድ ተባለ። አንዱ ሽማግሌ ተነሥቶ «እጇ አይንቀጠቀጥም፤ እሷ ስትይዘው ልጁ ራሱ ይረጋል» ሲል ሰዉ ሁሉ «እውነት ነው» ብሎ እጁን አወጣ። ስለ ምን እንደሚያወራ ያልገባው ሰው እዚያ ሜዳ ላይ አልነበረም።

የፋንታዬ እናት በለጠች እንጥል ቆራጭ ናት። ከፋንታዬ በፊት ሦስት ልጅ ቀብራለች። ሦስቱም ሳል ይዟቸው፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ነው የሄዱት። እንጥላቸው ወርዶ፣ ሳይቆረጥ ፈንድቶ ነው የገደላቸው አሏት። ያኔ ቆራጭ የምትገኘው በየዳ ነበር፤ ከዚያ ድረስ ሰው ልከው እስኪመለስ ልጁ አለቀ። በለጠች ሦስተኛውን እንደቀበረች በየዳ ወጥታ ከአሮጊቷ ቆራጭ ዘንድ ከረመችና ጫፉ እንደ ማጭድ የቆለመመ፣ ከመዳፍ የማይበልጥ ብረት ይዛ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ የማንንም ልጅ ሲሞት ቁጭ ብላ አላየችም። ዋጋም አትቀበልም። ይህችን ሴት ክፉ ናት የሚል ካለ ሦስት ልጅ ቀብሮ ይምጣና ያውራ።

ባሏ ከሞተ በኋላ ደግሞ ልጇን ራስ ያዥ አደረገቻት። ፋንታዬ ያኔ አሥር ዓመቷ ነው። ራስ ያዥ ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልላ በጉልበቶቿ መካከል ታስቀምጠውና ሁለት መዳፏን በሁለቱ ጆሮዎቹ ላይ ገጥማ፣ አውራ ጣቶቿን በግንባሩ ላይ አሳርፋ፣ ቀና አድርጋ ትይዘዋለች። ራሱ ንቅንቅ ካለ ብረቱ ሌላ ቦታ ይገባል። ሥራው የቆራጯ ይመስላል እንጂ ግማሹ የያዥዋ ነው። የበለጠች ልማድ ደግሞ አንድ ነው፤ ቆርጣ ስታበቃ ብረቱን ታስቀምጥና አንድ አቡነ ዘበሰማያት ትደግማለች። ጸሎቱ ሲያልቅ ደሙም ይቆማል። ሁልጊዜም እንዲያው ነበር፤ ቢያንስ ፋንታዬ ያየችው እንዲያ ነበር።

ደባርቅ ጤና ጣቢያ የነበሩት ድሬሰር አቶ ሀብተ ሚካኤል ይባላሉ። የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ናቸው፤ ደባርቅ ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም። ፎርሙ የገበሬ ማኅበሩን ማኅተምና የሳቸውን ፊርማ ይፈልጋል። እሳቸው ደግሞ የማላውቀውን ሰው አልፈርምለትም ብለው ፋንታዬን ሁለት ወር ሰኞና ሐሙስ እያስመጡ አስተማሯት። መርፌ መቀቀል፣ ሙቀት መለካት፣ ቁስል ማጠብ፣ ራሱን የሳተ ሰው በጎኑ ማስተኛት። ጫፉ የደነዘ አሮጌ መርፌ ሰጥተዋት እቤቷ ድንች ስትወጋ ትውላለች። በለጠች ያንኑ ድንች እየቀቀለች «የልጄ በሽተኞች በሰሉ፤ ኑ ብሉ» ትላለች።

ነገሩ የከረረው በመጨረሻው ሐሙስ ነው። አቶ ሀብተ ሚካኤል ጉሮሮው የመገለ ሕፃን ይዘው ሳሉ ፋንታዬ ደረሰች። እናቱ ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅሳለች። ሕፃኑን አስተኝተው ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር።

«በዚህ ወር ሦስተኛው ነው» አሏት። «ሦስቱም ከእናንተ በኩል የመጡ ናቸው። እንጥል የሚቆርጥ ሰው አለ። ስጠይቅ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ማን ነው፣ ፋንታዬ?»

ፋንታዬ እጇን እየታጠበች ነበር። መታጠቧን ቀጠለች።

«አገሩ ሰፊ ነው፣ ጋሼ።»

«ይህን ሰው ባገኘው አልምረውም። በገዛ እጄ ነው ለሕግ የማስረክበው። በዚህ ሥራ እጁን ያስገባ ሰውም የኔ ፊርማ ያለበትን ወረቀት ይዞ ጎንደር አይደርስም። ነገ ማኅተሙን አስደርገሽ ነይ፤ እፈርምልሻለሁ።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው። ፋንታዬ ቤቷ እስክትደርስ ከሰው ጋር ሰላምታ አልተለዋወጠችም። ሦስቱንም ሕፃናት ታውቃቸዋለች፤ ራሳቸው በመዳፏ ላይ ነበር።

እናቷ ገብስ ስታበጥር አገኘቻትና የሰማችውን ሁሉ ነገረቻት። ጉሮሮው የመገለው የማን ልጅ እንደሆነም ነገረቻት። በለጠች ሰፌዱን አስቀመጠች።

«እኔ ስቆርጥ ደህና ነበር» አለች።

«አውቃለሁ፣ እማ። በኋላ ነው የመገለ።»

«አንቺ እስክትሄጂ ብረቱን አልነካም» አለች በለጠች። «ከሄድሽ በኋላ የእኔ ነገር የእኔ ነው።»

አውቶብስ በወታደር ታጅቦ ወደ ጎንደር የሚወርደው ቅዳሜ ብቻ ነው። መንገዱ ሽፍታ አለበት እየተባለ ሌላ ቀን አይንቀሳቀስም። ሰኞ ጎንደር ያልተገኘ አመልካች ደግሞ በሌላ ይተካል፤ ትእዛዙ እንዲያ ይላል። ስለዚህ የቀረው አርብ ብቻ ነበር። አርብ ጠዋት ደግሞ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አሻግሬ ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር። ማኅተሙን በቆዳ ከረጢት አንጠልጥለዋል። ከኋላቸው ምራታቸው የሰባት ወር ልጇን ታቅፋለች።

«በለጠች፣ እንዴት አደራችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አያ አሻግሬ፣ ምነው በማለዳ?»

«የልጅሽን ወረቀት ላትምላት ነዋ! ነገ መኪና አይደል?» ብለው ገቡና መደቡ ላይ ተቀመጡ። «እግረ መንገዴን ይህን የልጅ ልጄን፣ ይግዛውን፣ ብታዪልኝ ብዬ። ሌሊቱን ሲያቃስት ነው ያደረ። እንጥሉ ሳይወርድ አልቀረም።»

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። አሻግሬ መልካም ሰው ናቸው፤ ማንንም ሲያስፈራሩ አልተሰሙም። ፋንታዬ ሕፃኑን ተቀብላ ልብሱን ገለጠችው። የአፍንጫው ቀዳዳ በየትንፋሹ ይከፈታል፤ ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ስርጉድ ይላል። ይህን ያሳዩዋት አቶ ሀብተ ሚካኤል ናቸው፤ ከሁለት ሳምንት በፊት፣ በሌላ ሕፃን ላይ።

«አባቴ፣ ይህ እንጥል አይደለም። ሳንባው ነው የታመመ። ዛሬውኑ ደባርቅ ደርሶ መርፌ ይወጋ። እኔው አዝየው እሄዳለሁ።»

«ገና ሳትሠለጥኚ ሐኪም ሆንሽብን?» አሉ እየሣቁ። «የዚህን ታላቅ ማን ያዘው? አንቺ አይደለሽም? ይኸው ይሮጣል። እንኪያስ የዚያን ሳንባ ማን አዳነው?» ከረጢቱን ከትከሻቸው አውርደው አጠገባቸው አስቀመጡት። «ማኅተሙ እንደሆነ ከእኔ ጋር ነው፤ የትም አይሄድም። ልጁ ይረፍና ይታተማል።»

በለጠች ከምሰሶው ጋር ተጣብቃ ቆማለች። ዓይኗ ልጇ ላይ ነው።

«እኔ ያለ ራስ ያዥ አልቆርጥም፣ አያ አሻግሬ» አለች። «እሷ ከያዘችው ነው።»

ነገሩ ሁሉ ፋንታዬ ላይ ወደቀ። አልይዝም ብትል ሽማግሌው ሳይቆጡ ይነሣሉ፤ ከረጢቱንም አንጠልጥለው ይሄዳሉ። ነገ አውቶብሱ ይነጉዳል። ሰኞ በስሟ ፋንታ ሌላ ስም ይጻፋል። ሁለት ወር ሙሉ የወጋችው ድንች፣ ውርጭ የረገጠችበት መንገድ፣ በልቧ አሥር ጊዜ የለበሰችው ነጭ ጋዋን ዓይኗ ላይ መጣ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ የመጨረሻዋ ትሁን አለች ለራሷ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደምትጥል ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። ጋቢውን ዘረጋች፣ ተቀመጠች፣ ጉልበቷን ከፈተች። ማንም አላስገደዳትም፤ እስከ ዛሬም አስገደዱኝ ስትል አልተሰማችም።

ይግዛው በመዳፎቿ መካከል ጸጥ አለ። የበለጠች እጅ ገባ፣ ወጣ። ሕፃኑ ጮኸ። በለጠች ብረቱን አስቀምጣ «አቡነ ዘበሰማያት» ብላ ጀመረች። አሻግሬም ከመደቡ ላይ ፎርሙን ስበው ማኅተሙን እፍ፣ እፍ አሉና ጫን አድርገው አተሙት።

ጸሎቱ አለቀ። ደሙ አልቆመም።

በለጠች እንደገና ጀመረች፤ አሁን ድምፅዋ ፈጠን አለ። ሁለተኛውም አለቀ። የሕፃኑ አገጭ፣ የፋንታዬ አውራ ጣት፣ ጋቢው ቀላ። ጩኸቱ በጉሮሮው ውስጥ እንደሚፈላ ውሃ መንተክተክ ጀመረ። ሦስተኛው ላይ የበለጠች ከንፈር መሃል ላይ ቆመ።

ፋንታዬ ሕፃኑን በክንዷ ላይ በደረቱ ገልብጣ ደሙ ወደ ውጭ እንዲወርድ አደረገችና ብድግ አለች።

«ደባርቅ እሄዳለሁ።»

አሻግሬ በሩ ላይ ደረሱባት። ሣቃቸው የለም። «ቆይ እስቲ፣ ልጄ። እዚያ ከደረሰ ማን ቆረጠው ይላሉ። እናትሽን ያስሯታል። አንቺም አትሄጂ። ትንሽ እንጠብቅ፤ ይቆማል።»

«አያ አሻግሬ፣» አለች በለጠች፣ «እኔ ጠብቄ ነው ሦስት ልጅ የቀበርኩ።» ፎርሙን ከመደቡ ላይ አንሥታ አጠፈችና በልጇ ብብት ሸጎጠችላት። «ሂጂ። ማን ቆረጠው ሲሉሽ ስሜን አትደብቂ።»

የሁለቱን ሰዓት መንገድ ከአንድ ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ሄዱት። ውርጩ ቀልጦ ቁልቁለቱ ያንሸራትታል። ፋንታዬ ሕፃኑን በጎኑ ይዛ፣ አፉን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ ሁለት ጊዜ ወድቃ በክርኗ ተነሣች። የሕፃኑ እናት ከኋላ እየሮጠች «አለ? አለ?» ትላለች። «አለ» ትላታለች ፋንታዬ ሳትዞር። ደባርቅ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ጩኸቱን አቁሞ ነበር። ያን ጊዜ እናቱ ስትጠይቃት ፋንታዬ ጆሮዋን በአፍንጫው ላይ አድርጋ ሩጫዋን ቀጠለች።

አቶ ሀብተ ሚካኤል አንድ ጊዜ አዩትና ምንም አልጠየቁም። ጥጥ በመድኃኒት ነከሩ፣ መቆንጠጫ አነሡ፣ መብራቱን አስጠጉ።

«ራሱን ያዢ!»

ፋንታዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ጉልበቶቿ ሕፃኑን ተቀበሉ፣ መዳፎቿ ጆሮዎቹ ላይ ገጠሙ፣ አውራ ጣቶቿ ግንባሩ ላይ ዐረፉ። ሳታስበው ነው። ሕፃኑ ረጋ። አቶ ሀብተ ሚካኤል ጥጡን ወደ አፉ ሊያስገቡ ሲሉ አንድ አፍታ ቆሙና እጆቿን ተመለከቱ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ደሙ እስኪቆም ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። ከዚያ ስለ ሳንባው ፔኒሲሊን ወጉት። ሕፃኑ ነጭ ሆኖ፣ ግን እየተነፈሰ፣ በእናቱ እቅፍ ተኛ። አቶ ሀብተ ሚካኤል በሩን ዘጉ።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ወድቆ ነው» አለች የሕፃኑ እናት መሬት መሬት እያየች።

«እንዲህ ያለ አያያዝ እኔ አላስተማርኩሽም» አሏት ፋንታዬን። እናቲቱን አላዩዋትም። «ሃያ ዓመት ስሠራ እንደዚህ ልጅ የሚይዝ ሰው አላየሁም። የት ተማርሽው?»

በፋንታዬ ነጠላ ላይ ያለው ደም ደርቋል።

«አልወደቀም፣ ጋሼ። የቆረጠችው እናቴ በለጠች ናት። ራሱን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«ትናንት ያየሽውንስ ሕፃን?»

«እሱንም። የቀሩትን ሁለቱንም።»

ሰውየው ወደ ማስታጠቢያው ሄደው እጃቸውን መታጠብ ያዙ። ውሃው አልቆ እንኳ እጃቸውን ያሹ ነበር። ፋንታዬ ማልቀስ ፈልጋ ነበር፤ ግን አፈረች፤ ማልቀስ የሚገባት የዚያ ሕፃን እናት እንጂ እሷ መስሎ አልታያትም።

«ፎርምሽ የታለ?»

ከብብቷ አወጣችው። ጠርዙ ደም ነክቶታል፤ የአሻግሬ ማኅተም መሃሉ ላይ ጉልህ ሆኖ ይታያል። ይቀድዱታል ብላ ጠበቀች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው እስክሪብቶ አቀበሏት።

«አሥራ አራተኛውን ሙዪ።»

እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ እናቴ እንጥል ስትቆርጥ የሕፃናትን ራስ ስይዝ ኖሬአለሁ። ዛሬ ጠዋትም ይዣለሁ።»

አነበቡት። ብዙ ጊዜ ያነበቡት ይመስላል። «እኔ ውሸት ላይ አልፈርምም፤ ይህ ውሸት አይደለም» አሉ። ፊርማቸውን አኖሩ። «ጎንደር ግን ይህን መስመር ያነቡታል። ቢመልሱሽ በእኔ አታሳብቢ። የእናትሽን ነገር ደግሞ ልጁ ይዳንና እኔው ራሴ ሄጄ እጨርሰዋለሁ።»

ቅዳሜ አውቶብሱ ሄደ፤ ፋንታዬም በውስጡ ነበረች። ዳባትን ሲያልፉ ሌላው ተሳፋሪ ቆሎውን ሲቆረጥም እሷ ፎርሙን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። እናቷን ሳትሰናበት ነው የሄደችው።

ሰኞ ሦስት ሰዎች ፊት አቀረቧት። መሃል የተቀመጡት መነጽር ያደረጉ ሴት ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ወረዱበትና መጨረሻው ላይ ቆሙ።

«ስንት ሕፃን ይዘሻል?»

«አልቆጠርኩም።»

«ስንቱ ሞተ?»

ይህን ማንም ጠይቋት አያውቅም። እሷም ራሷን አልጠየቀችም። አንድ በአንድ ፊታቸው መጣባት፤ የቀጨሞ በሩ፣ የወንዙ ማዶው፣ እናቱ እንደገና ያልመጣችው።

«ሁለት መሞታቸውን ሰምቻለሁ» አለች። «የሌሎቹን አልነገሩንም። እኛም አልጠየቅንም።»

ሴትየዋ መነጽራቸውን አወለቁ። አጠገባቸው ካሉት ሰዎች ጋር ተያዩ። «አንቺ ከአሁን በኋላ የምትጠይቂ ትሆኛለሽ» አሉና ስሟን መዝገቡ ላይ ጻፉት።

ሥልጠናውን ጨርሳ ደባርቅ ስትመደብ ይግዛው ትንንሽ ድንጋይ እየወረወረ በግ የሚያባርር ልጅ ሆኖ ነበር። አቶ ሀብተ ሚካኤል በተናገሩት መሠረት ቀጨሞ በር ወጥተው ነበር፤ ከበለጠች ጋር ግማሽ ቀን ተቀምጠው ብቻቸውን ተመለሱ። ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። አልታሰረችም። ተሳስቻለሁ ስትልም ግን አንድ ቀን አልተሰማችም፤ ፋንታዬም ስትጠይቃት ወሬ ትለውጥባታለች። እናትና ልጅ ስለዚያ አርብ አይነጋገሩም። ምናልባት እናቴ አሁንም ትቆርጣለች፣ ምናልባት ሌላ ራስ ያዥ አግኝታለች እያለች ፋንታዬ የቀጨሞ በር ሕፃን በመጣ ቁጥር ከሁሉ በፊት አፉን ከፍታ እንጥሉን ታያለች።

እንጥላቸው አለ። የሁሉም።

አንድ ሰኞ ከዚያው ከቀጨሞ በር ስድስት እናቶች ሳል የያዛቸው ሕፃናት አዝለው ባንድ ላይ መጡ። ፊተኛዋ የይግዛው እናት ናት፤ ሌላ ወልዳለች።

«ማን ላካችሁ?» አለች ፋንታዬ።

«እናትሽ ናታ» አለች ሴትየዋ ሕፃኑን እያወረደች። «ልጅ ይዘን በሄድን ቁጥር ‹እኔ ያለ ራስ ያዥ አልሠራም፤ ራስ ያዥዋ ደባርቅ ናት፤ እዚያ ውሰዱት› ትለናለች። ይኸው ሁለት ዓመቷ።»

ፋንታዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ሕፃኑን ተቀብላ በጉልበቶቿ መካከል አደረገችና ሁለት መዳፏን በጆሮዎቹ ላይ ገጠመች። አፉን ለመክፈት ግን ትንሽ ቆየች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ምንም አይታያትም ነበር።